ስለ 352ኛው የጀርመን እግረኛ ክፍለ ጦር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በፈረንሳይ ስለተደረገው የኖርማንዲ ውጊያ የተሠራ ፊልም ያላየ ሰው ብዙ አይገኝም። የጀልባው መዝጊያ ይወርዳል፣ መትረየስ ያጓራል፣ ወታደሮቹ እንደ ቅጠል ይረግፋሉ። ከመትረየሱ ጀርባ ማን እንደነበር ግን ፊልሞቹ እምብዛም አይነግሩንም። «ጀርመኖች» ይባልና ይታለፋል።

ኦማሃ ተብሎ በተሰየመው የባሕር ዳርቻ አሜሪካኖችን የገጠመው ዋናው ጦር 352ኛው እግረኛ ክፍለ ጦር ነው። ስለ እሱ የሚወራው ግማሹ እውነት፣ ግማሹ ደግሞ ተጋኖ የመጣ ነው። ሁለቱን ለመለየት እንሞክር።

ቀኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። አሜሪካኖችና እንግሊዞች ከባሕር ኖርማንዲ ላይ የወረዱበት ጁን 6 ቀን 1944 በእኛ ግንቦት 29 ቀን 1936 ነው። ጣሊያን ከአዲስ አበባ ከወጣ ገና ሦስት ዓመት ማለፉ ነበር።

ክፍለ ጦሩ መቼና የት ተቋቋመ?

በ1943 መጨረሻ፣ በኖቬምበር ወር፣ ሰሜን ፈረንሳይ ውስጥ በሴን ሎ ከተማ አካባቢ። ስለዚህ ኖርማንዲ ላይ ሲዋጋ ዕድሜው ሰባት ወር ብቻ ነበር።

ከባዶ ግን አልተነሣም። በምሥራቅ ግንባር ከሶቪየት ጦር ጋር ሲዋጋ ደቅቆ የተበተነ 321ኛ የሚባል ክፍለ ጦር ነበር። ከእሱ የተረፉ መኮንኖችና ነባር ወታደሮች መጡና አዲሱን ጦር አዋቀሩ። የቀረውን ቦታ የሞሉት አዲስ ምልምሎች ናቸው።

ቁጥሩ 352 ነው። ጀርመን ይህን ያህል ክፍለ ጦር ነበራት ማለት ነው?

አይደለም። ጀርመኖች ክፍለ ጦሮችን በዙር በዙር ነበር የሚያቋቁሙት። ለየዙሩ የተመደበ ቁጥር አለ፤ በመካከል ብዙ ቁጥር ይዘለላል። የተደመሰሰ ጦር ቁጥሩ አብሮ የሚቀርበት ጊዜም አለ። 352ኛው በ21ኛው ዙር ከተቋቋሙት አንዱ ነው። 21 ዙር መድረሱ በራሱ ስንት ሰው እንዳለቀባቸው ይናገራል።

ልዩ የሰለጠነ፣ የተመረጠ ጦር ነበር ይባላል። እውነት ነው?

የለም። ከጎረቤቱ ከ716ኛው ክፍለ ጦር ጋር ሲነጻጸር የተሻለ ነበር ቢባል ያስኬዳል። 716ኛው ከቦታው የማይንቀሳቀስ፣ በዕድሜ የገፉና ጤናቸው የተጓደለ ሰዎች የበዙበት የዳርቻ ጠባቂ ጦር ነው። 352ኛው ግን ወደፈለጉት ግንባር ሊላክ የሚችል፣ በ1944ቱ አዲስ መዋቅር የተደራጀ ሙሉ ክፍለ ጦር ነበር።

መዋቅሩ 914ኛ፣ 915ኛና 916ኛ የሚባሉ ሦስት የእግረኛ ሬጅመንቶች ነበሩት። እያንዳንዱ ሬጅመንት ሁለት ሁለት ሻለቃ አለው። በዚያ ላይ አንድ የመድፈኛ ሬጅመንት፣ የመሐንዲስ ሻለቃ፣ የፀረ ታንክ ሻለቃና አንድ ተጨማሪ ፈጣን እግረኛ ሻለቃ አለ። ጠቅላላው ሰው ወደ 12,700 ይጠጋል። ከዚህ ውስጥ ፊት ለፊት የሚዋጋው ግን ከግማሽ ብዙም አይበልጥም። ሌላው ስንቅ የሚያመላልሰው፣ የሚጠግነው፣ ፈረስ የሚጠብቀው ነው። ፈረስ ማለቴ በስሕተት አይደለም። የሂትለር ጦር በፊልም ሲታይ ታንክ በታንክ ነው። ተራው እግረኛ ክፍለ ጦር ግን እስከ ጦርነቱ ማብቂያ ድረስ መድፉን የሚያስጎትተው በፈረስ ነበር።

ሰዎቹን በተመለከተ፣ ከምልምሎቹ አብዛኞቹ የ18 እና የ19 ዓመት ልጆች ናቸው። የክፍለ ጦሩ የዘመቻ መኮንን የነበረው ሌተና ኮሎኔል ፍሪትዝ ዚግልማን ከጦርነቱ በኋላ ለአሜሪካ ጦር የታሪክ ክፍል ረጅም ምስክርነት ጽፎ ሰጥቷል። ልጆቹ በጀርመን ውስጥ በነበረው የምግብ እጥረት ሰውነታቸው የደከመ እንደነበር እዚያ ላይ ያነሣል። ሥልጠናም አልጠገቡም። ነዳጅ የለም፣ ለልምምድ የሚተኮስ ጥይትም በቁጥር ነው። ከነዚህ ጎን ደግሞ ከሶቪየት ምርኮኞች የተመለመሉ፣ የጀርመን ልብስ የለበሱ «በጎ ፈቃደኞች» ነበሩ። በጎ ፈቃድ የሚለውን በጥንቃቄ ማየት ነው። አማራጩ በምርኮኛ ካምፕ በረሃብ መሞት ለሆነበት ሰው ፈቃድ የሚባለው ነገር ምን ያህል ፈቃድ እንደሆነ ግልጽ ነው።

ጦሩን አጽንቶ ያቆመው ሌላ ነገር ነው። የምሥራቅ ግንባርን ያዩ የበታች ሹማምንትና መኮንኖች ነበሩበት። መትረየስ የት እንደሚተከል፣ መቼ እንደሚተኮስ፣ መቼ ዝም እንደሚባል የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

አዛዡ ማን ነበር?

ሌተና ጄኔራል ዲትሪኽ ክራይስ። በ1889 በሽቱትጋርት የተወለደ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነትም የተዋጋ የድሮ ወታደር ነው። ወደ ፈረንሳይ ከመምጣቱ በፊት በምሥራቅ ግንባር ሁለት ክፍለ ጦሮችን መርቷል። የበላዩ የ84ኛው ኮር (የበርካታ ክፍለ ጦሮች ስብስብ) አዛዥ ጄኔራል ኤሪኽ ማርክስ ነው። ማርክስ በምሥራቅ ግንባር አንድ እግሩን ያጣ ሰው ነበር። ከማርክስ በላይ 7ኛው ጦር፣ ከዚያም የፊልድ ማርሻል ሮሜል ዕዝ አለ።

ወደ ባሕር ዳርቻው ለምን ተጠጋ?

ሮሜል ስለፈለገ ነው። እንደ ሮሜል እምነት ተባባሪዎቹ (አሜሪካ፣ እንግሊዝና አጋሮቻቸው) መመታት ያለባቸው ገና ውኃው ውስጥ እያሉ ነው። መሬት ከያዙ በኋላ አውሮፕላኖቻቸው የጀርመንን ተጠባባቂ ጦር መንገድ ላይ ይጨርሱታል። በሰሜን አፍሪካ ይህን በዓይኑ አይቷል።

ስለዚህ በማርች 1944 352ኛው ከሴን ሎ አካባቢ ወደ ዳርቻው ተዛወረ። የተሰጠው ግንባር ወደ 50 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። በስተምዕራብ ከቪር ወንዝ መግቢያና ከኢዚኒ ከተማ ይጀምርና ኦማሃን አልፎ፣ በኋላ እንግሊዞች ጎልድ ብለው እስከሰየሙት ዳርቻ ይዘልቃል። በጊዜው የነበረው የውትድርና ትምህርት ለአንድ ክፍለ ጦር ከዚህ ሲሶውን እንኳ በደንብ መከላከል ይበዛበታል ይላል።

ቦታው ላይ ሲደርሱ ደግሞ የጠበቃቸው አካፋና ዶማ ነው። ሮሜል ዳርቻው በእንጨት፣ በብረትና በፈንጂ እንዲታጠር አዝዟል። ሲሚንቶም ሆነ ፈንጂ እንደልብ አይገኝም። እንጨቱን ከሴሪዚ ጫካ ይቆርጡታል፣ በጋሪ ያመላልሱታል፣ ባሕሩ ሲሸሽ አሸዋው ላይ በእጅ እየመቱ ይተክሉታል። ቀኑ በዚህ ያልቅና ለሥልጠና የሚተርፈው ጥቂት ሰዓት ነው። ገና መተኮስ በቅጡ ያልለመደ ልጅ ጸደዩን በሙሉ ግንድ ሲሸከም ከረመ።

አሜሪካኖች ይህ ጦር እዚያ መኖሩን አያውቁም ነበር?

አብዛኞቹ አያውቁም ነበር። የስለላ ክፍሉ ዳርቻውን የያዘው የ716ኛው ሰዎች ብቻ ናቸው ብሎ ነው የገመተው። 352ኛው ወደ ኋላ፣ ሴን ሎ አካባቢ በተጠባባቂነት ያለ መስሎታል። ጀርመኖቹ ከመጡ ሁለት ወር ተኩል አልፏቸዋል።

በመጨረሻዎቹ ቀኖች አንዳንድ ጥርጣሬዎች መነሣታቸው ይታወቃል። የአሜሪካ 1ኛ ጦር አዛዥ የነበረው ኦማር ብራድሌይ ዜናውን የሰማሁት ወታደሮቹ መርከብ ከተሳፈሩ በኋላ ነው ብሏል። በዚያን ሰዓት ማንም ምንም ማድረግ አይችልም።

ደብዳቤ ይዛ ወደ እንግሊዝ ስትበር በጀርመኖች ተመትታ ስለወደቀች ርግብም ይወራል። ለጨዋታ ጥሩ ነው። በአንዲት ርግብ ብቻ ግን እንዲህ ያለ የስለላ ክፍተት አይፈጠርም።

ለብዙ ዓመታት የቆየ ሌላ ወሬም አለ። «ክፍለ ጦሩ በአጋጣሚ ለልምምድ መጥቶ ነው የተገኘው» የሚል ነው። ይህ ሐሰት ነው። ለልምምድ የመጣ ጦር የለም፤ ከማርች ጀምሮ ቦታው የራሱ ነበር።

ክፍለ ጦሩ በሙሉ ኦማሃ ላይ ነበር?

ትልቁ አለመግባባት ያለው እዚህ ላይ ነው። 12 ሺህ ሰው ምሽግ ውስጥ ተደርድሮ የጠበቀ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። እውነቱ ከዚህ የራቀ ነው።

914ኛው ሬጅመንት በስተምዕራብ፣ ኢዚኒና ግራንካን አካባቢ ነው። 916ኛው ኦማሃን ይዟል፤ ከሱ ሁለት ሻለቃ አንዱ ግን በስተምሥራቅ ለ አሜል በሚባለው መንደር እንግሊዞችን ሲገጥም ነው የዋለው። 915ኛው ደግሞ ዳርቻው ላይ ጭራሽ የለም፤ ተጠባባቂ ነው። ስለ እሱ ከታች እመለስበታለሁ። ኦማሃ ላይ ከነበሩት ምሽጎች አንዳንዶቹን የያዙት እንዲያውም ከ716ኛው በውሰት የመጣው የ726ኛ ሬጅመንት ወታደሮች ናቸው።

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ የመጀመሪያዎቹ ጀልባዎች ሲደርሱ በስምንት ኪሎ ሜትሩ ዳርቻ ላይ ፊት ለፊት የነበረው ጀርመናዊ ቢበዛ አንድ ሺህ ግድም ነው። የሚመጡባቸው ደግሞ የሁለት የአሜሪካ ክፍለ ጦር ሰዎች ናቸው። ነባሩ 1ኛና ያልተፈተነው 29ኛ።

ታዲያ ጥቂት ከነበሩ እንዴት ያን ያህል ጉዳት አደረሱ?

በመጀመሪያ መልክዓ ምድሩን ማየት ነው። ኦማሃ እንደ ጨረቃ የጎበጠ አሸዋ ነው። ከአሸዋው በላይ ቁልቁል የሚያሳይ ዳገት አለ። ዳገቱን የሚሰነጥቁ ሸለቆዎች አሉ፤ ተሽከርካሪ ወደ ላይ ሊወጣ የሚችለው በእነሱ ብቻ ነው። ጀርመኖቹ ምሽጋቸውን የሠሩት በሸለቆዎቹ ግራና ቀኝ ነው። በቁጥር ነበር የሚጠሯቸው፤ ከ60 እስከ 74 ያሉት ኦማሃ ላይ ናቸው።

አንዱን ቀረብ ብለን እንየው። ምሽግ 72 በቪዬርቪል ሸለቆ አፍ ላይ፣ ከዳገቱ ግርጌ ያለ የኮንክሪት ቤት ነው። ውስጡ 88 ሚሊ ሜትር መድፍ አለ። ብዙ ሰው መድፉ ወደ ባሕሩ የዞረ ይመስለዋል። አይደለም። ወደ ባሕሩ ያለው ወፍራም ግድግዳ ነው፤ ቀዳዳ የለውም። የመድፉ አፍ የሚያየው ወደ ጎን፣ ዳርቻውን ተከትሎ ወደ ምሥራቅ ነው። ይህ ተንኮል ሁለት ጥቅም አለው። መርከቦቹ ከፊት ሆነው የመድፉን ብልጭታ አያዩትም፤ ቢተኩሱም ግድግዳውን ነው የሚያገኙት። ሁለተኛው፣ ከጀልባ ወርዶ ወደ ፊት የሚሮጥ ወታደር ከፊት ለፊቱ መሸሸጊያ ቢያገኝ እንኳ ጎኑ ባዶ ነው። ከሌላው ጫፍ፣ ከኮልቪል መንደር በኩል፣ ምሽግ 61 ላይ ያለው ሌላ 88 ደግሞ ወደ ምዕራብ ያያል። ሁለቱ መድፎች መካከል ያለው አሸዋ ሁሉ የሁለቱም ነው።

የተባባሪዎቹ ዕቅድ መክሸፉም ተጨምሮበታል። ከ300 በላይ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ጠዋት ኦማሃን ሊደበድቡ መጥተው ነበር። ሰማዩ ደመና ስለነበር የራሳቸውን ጀልባዎች እንዳይመቱ ሰግተው ትንሽ ዘግይተው ጣሉ። ቦምቡ ወደ ውስጥ ገብቶ የገበሬ ማሳ ላይ አረፈ። ምሽጎቹ አልተነኩም። እየተንሳፈፉ እንዲመጡ ከተሠሩት የአንድ ሻለቃ ታንኮች ደግሞ 29ኙ ውኃ ውስጥ ገብተው 27ቱ ሰጠሙ። እግረኛው ያለ ታንክ፣ በሸራና በጨው ውኃ ከብዶ፣ ጉልበቱ ድረስ ውኃ ውስጥ ሆኖ መትረየስ ተቀበለ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ግን አሜሪካኖቹ ወጡ። በሸለቆዎቹ በኩል አልሆነላቸውም። በትንንሽ ቡድን፣ በምሽጎቹ መካከል ባለው ባዶ ዳገት ላይ፣ በፈንጂው መሐል እየተሳቡ ወጡና ምሽጎቹን ከኋላ መጡባቸው። የጦር መርከቦችም አሸዋ ላይ ሊቀመጡ እስኪደርሱ ተጠግተው፣ አንድ ኪሎ ሜትር ከማይሞላ ርቀት ምሽጎቹን እየነጠሉ መቱ። ጀርመኖቹ ደግሞ ክፍተቱን የሚሞሉበት ሰው የላቸውም። ከፊት አንድ መስመር አለ፤ ከእሱ ኋላ ባዶ ነው። መድፈኞቹም ከሰዓት በኋላ ጥይት እያጠራቸው መጣ።

ተጠባባቂው ሬጅመንት የት ሄዶ ነው?

በእኔ እምነት የዚያን ቀን ውጤት ከመድፉም ከመትረየሱም በላይ የወሰነው ይህ ነው። ፊልሞቹ ላይ ግን ጨርሶ የለም።

ተጠባባቂው በሌተና ኮሎኔል ካርል ማየር የሚመራው 915ኛ ሬጅመንት ከፈጣኑ እግረኛ ሻለቃ ጋር ነው። ሌሊቱን የነበረው ባዬ ከተማ አካባቢ ነበር፤ ከኦማሃም ከጎልድም ቅርብ። ትእዛዙ የሚመጣው ግን ከክራይስ ሳይሆን ከኮሩ ነው።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ማርክስ አየር ወለዶች በስተምዕራብ ወረዱ የሚል ወሬ ደረሰው። ወሬው ከፊሉ እውነት ነበር። ሁለት የአሜሪካ አየር ወለድ ክፍለ ጦሮች ወርደዋል፤ ተበታትነው ስለወረዱም ብዛታቸውን ማንም መገመት አልቻለም። ከፊሉ ግን ተንኮል ነው። እንግሊዞች በየቦታው በፓራሹት አሻንጉሊት ሰው ጥለዋል። ማርክስ ማየርን ወደ ምዕራብ፣ ወደ ካራንታን አቅጣጫ ላከው። ሰዎቹ ከፊሉ በሳይክል፣ ከፊሉ በፈረንሳይ ካሚዮን ጉዞ ጀመሩ።

ሊነጋ ሲል ቁም ተባለ። ቆሙ። ትንሽ ቆይቶ ዋናው ጦር ከባሕር መምጣቱ ታወቀ። አንድ ሻለቃ ወደ ኮልቪል፣ ወደ ኦማሃ ይሂድ ተባለ። ቀጥሎ እንግሊዞች በጎልድ በኩል የክፍለ ጦሩን ቀኝ ጎን እየሰበሩ ነው የሚል ዜና መጣ። ሌሎቹ ሁለቱ ዞረው ወደዚያ፣ ወደ ምሥራቅ ሄዱ። አሁን ቀን ነው። ከላያቸው አውሮፕላን አለ። በመጡበት መንገድ መመለስ የሌሊቱን ያህል አልቀለለም።

ማየር እንግሊዞቹን ያገኘው ከሰዓት በኋላ ነው። መልሶ ማጥቃቱ ገና ሳይጀመር ከሸፈ፤ እሱ ራሱ እዚያው ተገደለ፤ ሰዎቹ ተበተኑ። ወደ ኦማሃ የተላከው አንድ ሻለቃም ዘግይቶ ደርሶ ኮልቪል አካባቢ ቢዋጋም ምንም አልለወጠም። ሦስት ሻለቃ ሙሉ ሰው ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ አሜሪካኖቹ ገና አሸዋው ላይ ተኝተው ሳሉ ኦማሃ ቢደርስ ምን ይፈጠር ነበር? ብዙ ሰው ይህን ይጠይቃል። መርከቦቹ ከባሕር ላይ ስለነበሩ ጀርመኖች ባሕሩ ዳር ላይ ለረጅም ጊዜ የሚቆዩ አይመስለኝም። የአሜሪካኖቹ ሬሳ ግን በጣም ይበዛ ነበር።

ጀርመኖቹ አሸንፈናል ብለው ሪፖርት አድርገዋል የሚባለው እውነት ነው?

አዎ። ከኦማሃ በስተምዕራብ ባለው ገደል ላይ የነበረ የምሽግ አዛዥ ዳርቻውን በሙሉ ያያል። ጠላት መሰናክሎቹ ሥር ተደብቋል፣ ታንኮች ይቃጠላሉ፣ መሰናክል የሚያፈርሱት ሰዎች ሥራቸውን አቁመዋል ብሎ በስልክ አሳወቀ። ያየው ትክክል ነበር። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል አለፍ ሲል ክፍለ ጦሩ ለኮሩ ጠላት ወደ ባሕሩ ተመልሷል፣ ውጊያ ያለው ኮልቪል ላይ ብቻ ነው አለ።

በዚያው ጠዋት ብራድሌይም መርከቡ ላይ ሆኖ የቀረውን ጦር ወደ ሌላ ዳርቻ ልላከው ይሆን እያለ ሲያስብ ነበር። ሁለቱም ወገን የሚያየው ያንኑ የተቃጠለ አሸዋ ነው። ዳገቱ ላይ እየተሳቡ የወጡትን ጥቂት ሰዎች ከሩቅ ማንም አላያቸውም።

የጀርመኑ ሪፖርት ግን ዋጋ አስከፍሏል። ኦማሃ ደኅና ነው ከተባለ ሌላ ተጨማሪ ጦር ወደዚያ አይላክም። የቻሉት ሁሉ ወደ እንግሊዞቹ በኩል ዞረ።

አንድ መትረየስ ተኳሽ ብቻውን 2 ሺህ አሜሪካዊ ገደለ ይባላል። ይቻላል?

አይቻልም። ሰውየው ሃይንሪኽ ሴቨርሎ ይባላል፤ የመድፈኛ ሬጅመንቱ ወታደር ነበር። በምሽግ 62 የመድፍ ተኩስ ከሚመራ መኮንን ጋር ነው የዋለው። ዕድሜው 20 ነበር። ከጠዋት እስከ ከሰዓት በኋላ ከ12 ሺህ በላይ ጥይት ተኩሻለሁ ብሏል፤ ይህ ሊሆን ይችላል። መኮንኑ በርንሃርድ ፍሬርኪንግ በዚያው ቀን ሞተ፤ ሴቨርሎ ተማረከ። ካረጀ በኋላ ታሪኩን በይፋ ሲናገር «የኦማሃ አውሬ» የሚል ስም ወጣለት።

ሒሳቡ ግን አይገጥምም። ኦማሃ ላይ በዚያ ቀን የሞተ፣ የቆሰለና የጠፋ አሜሪካዊ ሁሉ ቢደመር ለብዙ ዓመት ሲጠቀስ የኖረው ቁጥር ወደ 2,400 ነው። አዳዲስ ቆጠራዎች እስከ 4,700 ያደርሱታል። ይህ በስምንት ኪሎ ሜትር ዳርቻ፣ በመድፍም በሞርታርም በፈንጂም በመስጠምም የደረሰው ሁሉ ተደምሮ ነው። ሴቨርሎ የሚያየው አንዱን ጫፍ ብቻ ነበር። ብዙ ሰው መግደሉን የሚክድ የለም። ቁጥሩ ግን የጋዜጣ ርዕስ ነው።

ክፍለ ጦሩ ራሱ ስንት ሰው አጣ?

ጁን 6 ቀን ብቻ 1,200 ያህል፤ 200 ሞተው፣ 500 ቆስለው፣ 500 ጠፍተው። ይህ በወቅቱ የተሰጠው ግምት ነው። እስከ ጁላይ አጋማሽ ድረስ ኪሳራው ወደ 8 ሺህ ተጠጋ።

ከኦማሃ በኋላ ምን ሆነ?

ስለዚህ ብዙ አይጻፍም። የክፍለ ጦሩ ከባዱ ውጊያ ግን ይኸኛው ነው ቢባል አያስዋሽም።

ጁን 8 ሌሊት ኢዚኒ ተያዘች። ክራይስ የቀሩትን ሰዎች ይዞ ወደ ሴን ሎ ማፈግፈግ ጀመረ። በዚህ መካከል የሚገርም ነገር ሆኗል። በቪር ወንዝ መግቢያ ላይ ከቀረ ጀልባ ውስጥ የአሜሪካ 5ኛ ኮር የዘመቻ ዕቅድ በጀርመኖቹ እጅ ገባ። አሜሪካኖቹ የት እንደሚሄዱ፣ መቼ እንደሚደርሱ፣ ሁሉም አለበት። ምን ያደርጋል? ዕቅዱን ማወቅና የሚያቆም ጦር ማግኘት የተለያዩ ናቸው።

ከዳርቻው ወደ ውስጥ ያለው አገር ለመከላከል የተፈጠረ ይመስላል። እያንዳንዱ ማሳ በአፈር ክምር ታጥሯል። ክምሩ የሰው ቁመት ይደርሳል፤ በላዩ ላይ ዛፍና ቁጥቋጦ በቅሎ ሥሩ አፈሩን እንደ ድንጋይ አጥብቆታል። ጀርመኖቹ በማሳው ሁለት ማዕዘን መትረየስ ይተክላሉ፤ መካከሉን ለሞርታር አስቀድመው ይለኩታል። አሜሪካዊው አጥሩን ዘሎ ሲገባ ሜዳ ላይ ነው። አንዱን ማሳ ሲጨርስ የሚቀጥለው ይጠብቀዋል። ታንክ ክምሩ ላይ ሲወጣ ሆዱ ይጋለጣል። ለዚህ መላ ካመጡት አንዱ ከርቲስ ኩሊን የተባለ ሳጅን ነው። ታንኩ ፊት ላይ አፈሩን የሚወጋ የብረት ጥርስ ይበየድ ተባለ። ብረቱ የተገኘው ጀርመኖቹ ዳርቻው ላይ ከተከሉት መሰናክል ነው።

352ኛው እንዲህ እየተቆራረጠ፣ የሌላ ጦር ርዝራዥ እየተለጠፈበት፣ ከጀርመን የፓራሹት ጦር ጎን ሆኖ ስድስት ሳምንት ቆመ። ሴን ሎ ጁላይ 18 በ29ኛው ክፍለ ጦር እጅ ወደቀች። ያው ኦማሃ ላይ የተገናኙት ሁለቱ ናቸው፤ አንዱ ሌላውን እስከ ከተማዋ ተከትሎታል። ከተማዋ በቦምብ ፈርሳ ስለነበር የተያዘው ፍርስራሽ ነው ማለት ይቀላል። በጁላይ መጨረሻ አሜሪካኖች ግንባሩን ሲሰብሩ 352ኛው ክፍለ ጦር ተብሎ የሚጠራ ነገር አልቀረም። ክራይስ ኦገስት 2 ክፉኛ ቆሰለ፤ ኦገስት 6 ሞተ። ማርክስ ቀድሞት በጁን 12 በአውሮፕላን ተመትቶ ሞቷል።

ጀርመኖች በ1944 መጨረሻ በከፈቱት የአርደን ውጊያም 352ኛ የሚባል ጦር ነበር። ያው ነው?

ስሙ እንጂ ጦሩ አይደለም። በ1944 መጸው ላይ ሰሜን ጀርመን፣ ፍሌንስቡርግ ላይ አዲስ የተቋቋመ ክፍለ ጦር የ352ን ቁጥር ወረሰ። «የሕዝብ እግረኛ» የሚል የክብር ስም ተጨመረለት። ከሰዎቹ ብዙዎቹ መርከብ ያጡ መርከበኞችና አውሮፕላን ያጡ የአየር ኃይል ሠራተኞች ናቸው። በዲሴምበር የኡር ወንዝን ተሻግሮ ሉክሰምበርግ ገባ፤ ዲኪርሽንና ኤተልብሩክን ያዘ። ብዙም ሳይቆይ ከደቡብ የመጣው የአሜሪካዊው ጄኔራል ፓተን ጦር ጎኑን መታው። ከዚያ በኋላ ያለው ወደ ጀርመን ማፈግፈግ ነው።

ቦታውን ማየት ይቻላል?

በደንብ ይቻላል። አውሮፓ የምትኖሩ በሁለት ቀን ትጨርሱታላችሁ። ከፓሪስ ሴን ላዛር ጣቢያ እስከ ባዬ ባቡር አለ። ከዚያ በኋላ ግን መኪና ብትከራዩ ይሻላል፤ ቦታዎቹ ይራራቃሉ።

ኮልቪል ያለውን የአሜሪካኖች መካነ መቃብር ሁሉም ያየዋል። ከ9,300 በላይ መቃብር አለበት። ከእሱ ጥቂት በእግር ቢሄዱ ምሽግ 62 ይገኛል፤ የመድፍ ቤቶቹና የምሽጉ ቦዮች አሁንም አሉ። ቪዬርቪል ላይ ምሽግ 72ን ፈልጉ። የአሜሪካ ብሔራዊ ዘብ ሐውልት የተሠራው በላዩ ነው። የመድፉን ቀዳዳ አቅጣጫ ካያችሁ ስለ ጎን ተኩስ ከላይ ያልኩት ይገባችኋል። የባሕሩን ሰዓት አስቀድማችሁ እዩ። ውኃው ሲሸሽ መሄድ ነው፤ ሲሞላ ግን አሸዋው ጠባብ ስለሚሆን ርቀቱ አይታይም።

ጀርመኖቹ ላ ካምብ በሚባል ቦታ፣ ከዋናው አውራ ጎዳና አጠገብ ተቀብረዋል። ከ21 ሺህ በላይ ናቸው፤ ከሁሉም ክፍለ ጦር። ከ352ኛውም ብዙ አሉ። መግቢያው በነጻ ነው። ስም የምትፈልጉ ከሆነ በሩ አጠገብ የስም መዝገብ አለ።